ሂድ፤ ፕሌይስቴሽኑን ግን ተወው

ኮተቤ ነው። ልጁ በሌሊት በረራ ይሄዳል። ሳሎኑ መሀል ሁለት ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። እናት በርበሬውን በሦስት ላስቲክ አሽገው፣ በፕላስተር ጠምጥመው፣ ላዩን በጨርቅ አስረው አስገብተዋል። ሽሮው አለ። በሶው አለ። ዳቦ ቆሎው አለ። ከሾላ ገበያ የመጣው ኮረሪማም አለ። አንዱ ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ 25 ኪሎ ከምናምን ሆነ። የሚፈቀደው 23 ነው። ምን ይውጣ? ቤቱ ሙሉ ተከራከረ። ጃኬቱን ለብሶት ይሂድ ተባለ፤ ጫማው ይቅር ተባለ፤ በመጨረሻ የወጣው ሽሮው ሆነ። ያልወጣው፣ ይውጣ ብሎ ያነሳው ሰውም ያልነበረው፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ሁለት ሹራብ መሀል የተኛው ፕሌይስቴሽን 4 ነው።

ገመዱን ጠቅልላ ያቀበለችው የ12 ዓመት እህቱ ናት። «ጆይስቲኮቹስ?» አለችው። «ሁለቱንም አምጫቸው» አላት። አመጣችለት።

እኔ እዚያ ቤት የተገኘሁት ለሽኝት ነው። መንገደኛ ማስቀየም ደግ አይደለም ብዬ ቡናዬን ጠጥቼ፣ መልካም መንገድ ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን የዋጥኩትን ግን እዚህ ልተንፍሰው። ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ልጅ አይደለም። ዲቪ የደረሰውም፣ ስኮላርሺፕ ያገኘውም፣ በጋብቻ የሄደውም ያው ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ ቪዛ የተመታለት ቀን መጀመሪያ ለእናቱ ይደውላል፤ ቀጥሎ ቤት ገብቶ ኮንሶሉን ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

አቋሜን በአጭሩ ልንገራችሁ። አገር ለቅቆ የሚሄድ ሰው ፕሌይስቴሽኑን ትቶ መሄድ አለበት። «ቢተወው ጥሩ ነው» አላልኩም። አለበት።

በማን ሻንጣ ገባ?

ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 ነው። ሁለተኛው በ2000፣ ሦስተኛው በ2006፣ አራተኛው በ2013፣ አምስተኛው በ2020 ተከተሉ። እኛ ሰፈር ግን የገቡት ፋብሪካው ባወጣቸው ቀን አይደለም። ሰው በመጣ ቀን ነው።

አጎት ከዲሲ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ነበር። ዱባይ ለንግድ የምትመላለስ ጎረቤት ይዛው መጣች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤይሩት፣ ዱባይና ጅዳ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ላኩት። የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው መስኮት ወልውላ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ተቆልፎበት ያጠራቀመችውን ለወንድሟ «ያ ጌም የሚሉት ዕቃ» ገዛችበት። ራሷ አንድ ቀን ጆይስቲኩን ነክታው ላታውቅ ትችላለች። የላከችው ቤት እንዲደምቅ ነው፤ ልጆቹ እንዳይቅበዘበዙ፣ ስሟ እንዲጠራ ነው።

ልዩነቱን ልብ አድርጉልኝ። ሴቷ ስትሄድ ኮንሶሉ ወደ ቤት ይመጣል። ወንዱ ሲሄድ ኮንሶሉ ከቤት ይወጣል።

አውቃለሁ፤ ሁሉም ኮንሶል ከቤይሩት አልመጣም። ከኪሱ አውጥቶ የገዛም አለ። «በገዛ ብሬ የገዛሁት ነው፣ ምን አገባሽ?» ይለኛል። እሺ፣ አንተ ገዛኸው። መብራቱን ማን ከፈለ? ቴሌቪዥኑስ የማን ነው? የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶብኛል ስትል ዜና ሰዓት ላይ ሳሎኑን ለቅቀውልህ መኝታ ቤት የገቡት አባትህ አይደሉም? (ለዚያውም የቪዲዮ ጌም ሻምፒዮንስ ሊግ!) እኛ አገር ፕሌይስቴሽን እንደ ጥርስ ብሩሽ የአንድ ሰው ዕቃ ሆኖ አያውቅም። እንደ ረከቦት ነው። ባለቤት አለው፤ የሚጠጣበት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ነው።

ማሽኑም ቢሆን እዚህ ለመኖር ብዙ መከራ አይቷል። አሜሪካ ግድግዳው 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ ከተሰካ በሽታ ነው የሚሰናበተው፤ ለፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ። የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ በአህጉር የተቆለፈ ነበር፤ የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓ ዲስክ አይቀበልም። ሰፈሩ ትራንስፎርመር ተዋሰ፣ ቺፕ አስገጠመ፣ ኮፒ ዲስክ ተለዋወጠ፣ የተበላሸ ጆይስቲክ ከሌላ የተበላሸ ጆይስቲክ ላይ ዕቃ ፈትቶ አዳነ። ይኼ ሁሉ እጅ ያለፈበትን ነገር ነው «የእኔ» ብለህ በፎጣ የጠቀለልከው።

ሒሳቡን እንሥራው

ስሜቱን እንተወውና ሒሳብ እንሥራ። ቁጥር አያዳላም።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 አሜሪካ ውስጥ የፕሌይስቴሽን 5ን ዋጋ ጨምሮ ዲስክ የሚቀበለውን 549.99 ዶላር አደረገው። በዚያው ጊዜ የዋሽንግተን ዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17.95 ዶላር ነበር። አካፍሉት። ታክሱን ብንተወው ከ31 ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው አራት ቀን እንኳን አይሞላበትም። ይኼ እንግዲህ አዲሱ ነው። አንተ ከኮተቤ ተሸክመኸው የምትሄደው ፕሌይስቴሽን 4 እዚያ አገር ያገለገለ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያለ ነው።

አሁን ወደዚህ እንምጣ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር በላይ ሆነ። ለስሌት እንዲመቸን በ140 ብር እናስላው። 549.99 ዶላር፣ 77 ሺህ ብር። ቀረጥ አልጨመርኩም፤ የነጋዴ ትርፍ አልጨመርኩም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ሆኗል። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ታክሲ ሳይሳፈር፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ሰባት ወር ሊደርስ ምንም አልቀረው።

አራት ቀን ለአንተ፣ ሰባት ወር ለእነሱ። ከዚህ በኋላ «እዚያ ሄጄ ሌላ ከምገዛ» የሚል ሰው ሒሳብ አላወቀም ወይም ቤተሰቡን አላወቀም።

ሸጦት ለቪዛና ለቲኬት ያዋለውን አልወቅስም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቤት ሁሉ የቻለውን ሸጦ ነው የሚልከው። ብቻውን ተከራይቶ የሚኖረውም የራሱ ጉዳይ ነው። የምናገረው እህትና ወንድም ከኋላው ትቶ ገመዱን ስለሚጠቀልለው ነው።

ከማን ጋር ልትጫወት?

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ ልምጣ። እዚያ ብቸኝነት አለ። በረዶው አለ፤ የሌሊት ሥራው አለ፤ ስምህን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው አለመኖሩ አለ። ከሥራ ገብተህ ጆይስቲክ ስትይዝ ለአንድ ሰዓት ኮተቤ ትመለሳለህ። ይኼን ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ አልቀልድባቸውም። ፊፋም ሆነ ዊኒንግ ኢሌቨን ለእኛ ትውልድ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። (ኋላ ስማቸውን ቀይረው አንዱ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ሌላው ኢፉትቦል ሆኑ፤ ሰፈር ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ፊፋ ፊፋ ነው።) መተራረቢያ ነበር፣ መታረቂያ ነበር፣ ሰው ዝም ብሎ አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጥበት ሰበብ ነበር።

ግን ወንድሜ፣ ልጠይቅህ። ደስ ይልህ የነበረው ሳጥኑ ነው ወይስ አጠገብህ የነበረው ሰው? ሜሪላንድ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጆይስቲክ ይዘህ ስትቀመጥ ሁለተኛውን ማን ሊይዘው ነው? «ኦንላይን ከሰፈር ልጆች ጋር እጫወታለሁ» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። ጎበዝ! በምን? የሰፈሩን ኮንሶል አንተ ይዘኸዋል እኮ።

ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ በሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አካውንት ስትከፍት አገር ምረጥ ይልሃል፤ የእኛን ፈልገህ ታጣለህ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሰዎች የግድ የዚህ ኔትወርክ አካውንት ይኑራቸው ባለ ጊዜ ጨዋታው ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ተነስቶ ነበር፤ ተጫዋቹ ዓለም ላይ ጮኾ በቀናት ውስጥ ግዴታውን አስነሳው። እኛማ ከዚያ በፊትም ለምደነዋል። አሜሪካ ብለን ሞልተን፣ ያላየነውን የአሜሪካ ሰፈር አድራሻ ጽፈን እንገባለን። አካውንቱ ደግሞ አንዴ የተመዘገበበትን አገር አይቀይርም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዲቪ ሳንሞላ አካውንታችን አሜሪካዊ ሆኗል ማለት ነው። አንተም ብትሆን አካውንትህ ቀድሞህ ሄዷል። አሁን ሄደህ ተቀላቀለው፤ ሳጥኑን ግን ለምን ትጎትተዋለህ?

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

እስካሁን ያልኩትን ወንዶች ጓደኞቼም ይሉታል። አሁን የምለውን ግን አይሉትም፤ ምክንያቱም አያዩትም።

ወንዱ ሄዶ ኮንሶሉ ሲወጣ ከቤቱ ልጆች እኩል አይጎዱም። ታናሽ ወንድሙ ሁለት ቀን ያኮርፍና ወደ ጌም ቤት ይወርዳል። ኮተቤም፣ ላምበረትም፣ ፈረንሳይም፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥርም ጌም ቤት አይጠፋም። ቆርቆሮ በር፣ መጋረጃ፣ ሦስት አራት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ «ዩኒፎርም ለብሶ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት፣ ሥሩ ዩኒፎርሙን ገልብጦ የለበሰ ተማሪ። ሕጉ አንድ ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል። ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት በየጊዜው «አዋኪ» ተብለው ይታሸጋሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጥጉን ዞር ብለው ይከፈታሉ። ልጁ እዚያ ይውላል። ደግ ነው ክፉ ነው ሌላ ክርክር ነው። ብቻ መሄጃ አለው።

እህትየውስ?

እኔ ያደግኩት ሁለት ጆይስቲክ ባለበት ቤት ውስጥ ነው። ወንድሜ፣ የአጎቴ ልጅ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ከዚያ እኔ። ተራዬ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበር፤ ግን ነበር። ሳሎናችን ውስጥ «ሴት ናት» ብሎ የሚያስነሳኝ አልነበረም፤ እናቴ ኩሽና ሆና ትሰማለቻ! አንድ ክረምት ሙሉ ተሸንፌ ተሸንፌ በስተመጨረሻ ወንድሜን 3 ለ 1 ያሸነፍኩት ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል። (እሱ ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ነው ይላል። እስከ ዛሬ።) ከዚያ የአጎቴ ልጅ ሄደ፤ ዕቃው የእሱ ስለነበር ይዞት ሄደ። ወንዶቹ በማግሥቱ ጌም ቤት ገቡ። እኔም አንድ ቀን ገንዘብ ይዤ ተከተልኳቸው። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ጫጫታው ቀጥ አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ባለቤቱ ሰው አክባሪ ነበር፣ አልሰደበኝም፤ በትህትና «እህት፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

ማንንም አልፈለግኩም ነበር። መጫወት ነበር የፈለግኩት። «ወንድሜን» አልኩና ወጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጆይስቲክ የያዝኩት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ይኼን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ በጌም የሞተ የለም። ግን ይኼ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ያያችኋት የ12 ዓመት ልጅ ገመዱን ስትጠቀልል ምን እንደምትጠቀልል አውቄዋለሁ። ለወንድሞቿ አንድ ዕቃ ወጣ። ለእሷ ያለ መጋረጃና ያለ ጥያቄ የምትገባበት ብቸኛው የመጫወቻ ቦታ ተዘጋ።

«ውጪ ወጥተው ይጫወቱ!»

እዚህ ጋ አንድ አጎት ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳል። «ጌም ልጅ ያበላሻል፤ ኮንሶሉ መሄዱ ጥሩ ነው፤ ውጪ ወጥተው ኳስ ይጫወቱ፣ ንጹህ አየር ይቀበሉ።»

ጋሼ፣ የት? እኛ ያደግንበት ሜዳ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ከፈረንሳይ ወረድ ብሎ ያለው ጃንሜዳ እንኳን በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ የአትክልት ገበያ ሆኖ ነበር፤ ለጥምቀት 2013 ሲጸዳ ስንት ኳስ ተጫዋች የተገፋበት ሜዳ እንደነበረ አስታወስን። የኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሠራቸው ማረፊያዎችና መጫወቻዎች አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ ሁሉም ሰፈር ግን መንገድ ዳር አይደለም። እንጦጦ ፓርክ መስከረም 2013 ዓ.ም. ሲከፈት ደስ ብሎናል፤ ዛፉም አየሩም ግሩም ነው። ግን ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ የ12 ዓመት ልጅ ብቻዋን ከኮተቤ ታክሲ ይዛ እንጦጦ ወጥታ ትጫወት ይሉኛል? ከቤት እስከ ሱቅ ስትላክ እንኳን «ቶሎ ነይ» እየተባለች? ወንድ ልጅ ውጪ ሲያመሽ «ልጅ አይደል» የሚባልበት ሰፈር ሴት ልጅ ስታመሽ ምን እንደሚባል እርስዎም ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ስለዚህ «ውጪ ይጫወቱ» ማለት በተግባር «ወንዶቹ ውጪ ይጫወቱ፣ ሴቷ እንጀራ ትጋግር» ማለት ነው። በዚያው በግልጽ እንባባል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ

የሚወቅስ ሰው መፍትሔም ይናገር ተብሏልና ልናገር። ከባድ አይደለም።

ከመሄድህ በፊት እቤት ያለውን ኮንሶል በአካውንትህ ዋና ኮንሶል አድርገህ መዝግበው። ያን ጊዜ በአካውንትህ የተገዙ ጨዋታዎችን እቤት ያሉት በየራሳቸው ስም ይጫወቷቸዋል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም። (መጥፋቱ አይቀርም።) አንተ እዚያ ሄደህ ሌላ ኮንሶል ስትገዛ በዚያው አካውንት ትገባለህ፤ ኢንተርኔት እስካለህ ድረስ ጨዋታህ ይከፈትልሃል። ለዓመታት የደከምክበትን የጨዋታ ሴቭ ከፕሌይስቴሽን 4 ላይ በፍላሽ ገልብጠህ ኪስህ ውስጥ ክተተው። ዲስኮቹን ተዋቸው። ሁለቱንም ጆይስቲክ ተዋቸው። የአካውንቱን ፓስወርድ ግን ለታናሽ ወንድምህ እንዳትነግረው፤ ይኼን እንደ እህት ነው የምመክርህ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ስትሄድ ኮንሶሉን «ለልጆቹ» ብለህ አትተወው። «ለልጆቹ» ከተባለ ለወንዶቹ ማለት ነው፤ በሳምንቱ እሷ ሻይ አቅራቢ ትሆናለች። ሰው ፊት፣ ሽኝቱ ላይ፣ እናትህ እየሰሙ «ይኼ የእሷ ነው፤ መጫወት የፈለገ እሷን ያስፈቅድ» በል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ኪሎ የለውም።

የስሊሙ ሞዴል ፕሌይስቴሽን 4 ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነው። ኮንሶሉን አውጥተህ ቦታውን ምን እንደምትሞላበት እንዳይጨንቅህ፤ እናትህ ኩሽና ውስጥ ያስቀመጡት አለ። ፕሌይስቴሽን ዎልማርት ሄደህ ታገኛለህ። የእናትህን ሽሮ ግን የትም አታገኘውም።

በሰላም ግባ።